በሚካኤል ሰሞን የሚመጣው ሕመም

በቅሎዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ አሻፈረኝ ብላ ቆመች። ሠርከአዲስ ልጓሙን በሁለት እጇ ይዛ ሽቅብ ጎተተች፤ እግሯ ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ አዳለጣትና በጉልበቷ ተደፋች። ከታች ጎባ ገና ከጭጋግ አልወጣችም። የሚታየው የጦሩ ሰፈር አጥርና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ነው። የማለዳው መለከት ሲነፋ ድምፁ እስከ ዳገቱ ድረስ ተሰማ።

«እትዬ ሠርኬ፣ ተይ እኔ ልውረድላት» አለች በቅሎዋ ላይ የተቀመጠችው ሴት።

«አንቺ ከወረድሽ የምሸከምሽ እኔ ነኝ። ኮርቻውን ያዢ!»

ሠርከአዲስ ተነሥታ የበቅሎዋን ታፋ በመዳፏ አጮለችው። በቅሎዋ ደንግጣ ወደ ላይ ተስፈነጠረች። ሁለቱ ሴቶች ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ሰው እንዳይሰማቸው አፋቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ከጎባ ሰፈር ያለ ባሏና ያለ አማቷ ፈቃድ ወጥታ ወደ ሰነቴ የምትጋልብ የሃምሳ አለቃ ሚስት እስከዚያ ቀን ድረስ ታይታ አትታወቅም።

የተቀመጠችው ወለተኢየሱስ ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የሸዋው ጦር የባሌን አገር ይዞ ጎባ ላይ ከሰፈረ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ እሷ ከሸዋ መጥታ ለሃምሳ አለቃ ደምመላሽ የተዳረችው በሦስተኛው ዓመት ነበር። ሠርከአዲስ ደግሞ ባሏ በመጀመሪያው ክረምት በንዳድ የሞተባት፣ ወደ አገሯ ለመመለስ ስንቅ አጥታ እዚያው የቀረች ባልቴት ናት። ገበያ ላይ ቅቤና በርበሬ ስትነግድ ኦሮምኛውን እንደ አገሬው ተናገረችው። የጭፍሮቹ ሚስቶች ከአገሬው ሴት ጋር የሚነጋገሩት ነገር ሲኖራቸው የሚጠሩት እሷን ነው።

ወለተኢየሱስ ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ቀን አምጣ ሞቶ የተወለደ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ቁስሏ ሲድን የወር አበባዋ ሳይመለስ ቀረ። በምትኩ ሕመም መጣ። ከእምብርቷ በታች ይጀምራል፤ ወገቧን ሰንጎ ይይዛል፤ ጭኗ ድረስ ይወርዳል፤ ሦስት አራት ቀን አስጎንብሶ ይለቃታል። አምና ይህን ጊዜ የሚመጣው በጊዮርጊስ ሰሞን ነበር። ቆይቶ በማርያም፣ ከዚያ በገብርኤል ሆነ። ዘንድሮ ወደ ሚካኤል ወረደ። «ያልከፈለችው ስለት አለባት፤ ቅዱሳኑ ተራ በተራ እየቀጧት ነው» ያለ ነበር። «ዛር ነው» ያለም ነበር። አማቷ እመት አሰገደች ግን አንድ ነገር ነበር የሚሉት፤ «ማህፀኗ ደርቋል። የደረቀ ነገር ደግሞ ይቆረቁራል።»

ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። ጥምቀት እንዳለፈ ወደ ሸዋ በሚሄደው የነጋዴ ጓዝ ወለተኢየሱስ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ደምመላሽ የጦር አለቃውን የእህት ልጅ ያገባል። ይህ ሲወሰን እሱ ሮቤ ሜዳ ላይ የጭፍራውን ገብስ ሲያስወቃ ነበር።

ከውሳኔው በኋላ በነበረው ረቡዕ ሠርከአዲስ ገበያ ላይ ከሪራ ከመጡ ማር ሻጮች ጋር ስትከራከር አንዷ ስለ አንዲት አሮጊት አዋላጅ አወራች። አኮ መኪያ ይባላሉ፤ አኮ ማለት በአገሬው አፍ አያት ማለት ነው። ሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ይኖራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ያላየች፣ በየወሩ እየጮኸች የምትተኛ ሴት እሳቸው ዘንድ ተወስዳ በእግሯ ተመልሳለች። ሠርከአዲስ ይህን ስትሰማ የመዘነችውን ማር እንኳን ሳትቀበል ወደ ሰፈር ሮጠች። ወለተኢየሱስን ጓሮ አግኝታ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻት። በሦስተኛው ቀን፣ ጥር ስምንት ማለዳ፣ በቅሎዋን ጫኑ።

ሰነቴ አናት ላይ ሲወጡ ቀትር ሆነ። ሜዳው እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘረጋ። ጅባራዎቹ እንደ ዘብ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ያደባል። ነፋሱ ባናውን ሰርስሮ አጥንት ይነካል። ወለተኢየሱስ ግን ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር።

«ስንት ጊዜዬ ነው መሰለሽ ከዚያ አጥር ከወጣሁ! ጥምቀትን ሸዋ መንገድ ላይ በልቅሶ አሳልፈዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።»

ያኔ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

ሠርከአዲስ ዞረች። ፈረሰኛው ከአፋፉ ብቅ ብሎ ቀጥታ ወደ እነሱ ይጋልባል። ጥቁር በርኖሱ በነፋሱ ይንበለበላል፤ ስናድር ጠመንጃው ጀርባው ላይ ይዘላል። የሚሸሸጉበት አንድ ቁጥቋጦ እንኳን የለም።

«ደምመላሽ ነው» አለች ወለተኢየሱስ።

ፈረሱ አጠገባቸው ሲደርስ አፉ አረፋ ደፍቋል። ሰውየው ዘሎ ወረደ። ረጅም፣ ጺሙ ገና ያልሞላ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው።

«እናቴ ሮቤ ድረስ ሰው ላኩብኝ። ሚስትህ ወደ ሐረና ጠፋች አሉኝ። ሳላርፍ ነው የመጣሁ» አለ። ከዚያ ወደ ሠርከአዲስ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያስኮበለልሻት?»

«እኔ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ። የምቀጣ ከሆነ ስንመለስ ይቅጡኝ፤ አሁን ግን ያሳልፉን። ሕመሙ የሚመጣበት ቀን ደርሷል።»

«ሐረና ማን ዘንድ ነው የምትሄዱት?»

ነገረችው። እሱ እየሰማ ጅራፉን ይጠመዝዛል። «የአገሬው ጫካ ውስጥ? ስንት ዘመዱ በእኛ ጥይት የሞተበት ሰው ባለበት ቦታ፣ ሁለት ሴት ብቻችሁን?»

ወለተኢየሱስ ከበቅሎዋ ወረደች። ባሏ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በተጋባን በሦስት ዓመት ጠይቄዎት አላውቅም። እርስዎ ራስዎ፣ እናትዎ ሳይሆኑ፣ አለቃዎ ሳይሆኑ፣ ወደ አባቴ ቤት እንድሄድ ይፈልጋሉ?»

ደምመላሽ ጅራፉን መሬት ጣለ።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። «ሽማግሌ ሲቀመጥ እኔ ሮቤ ነበርኩ። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔ ጠየቅሁዎት እኮ፤ አሁን።»

«አልፈልግም!» አለና ራሱ በድምፁ ደነገጠ። «አልፈልግም። ግን ሲያምሽ ደግሞ ማየት አልችልም፤ ለዚህ ነው በሚካኤል ሰሞን ሁልጊዜ ሥራ አለኝ እያልኩ የምወጣው።»

ወለተኢየሱስ መልስ ልትሰጥ ስትል ፊቷ ተለወጠ። እጇን ከእምብርቷ በታች አድርጋ ጎንበስ አለች። በዚህ ወር ሁለት ቀን ቀድሞ መጣ።

ደምመላሽ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በርኖሱን አውልቆ አለበሳት፤ አንሥቶ ፈረሱ ላይ ከፊቱ አስቀመጣት። «ንጂያት በቅሎዋን!» አለ ለሠርከአዲስ። «ምሪን!»

ሲመሽ የከብት ጠባቂዎች በሚያድሩበት የድንጋይ ዋሻ አደሩ። በማግስቱ ከሰነቴ ቁልቁል ሲወርዱ ጭጋጉ እንደ ወተት ጫካውን ሞልቶት ነበር። በመጀመሪያ ቁጥቋጦው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ከዚያ ጺም ያበቀሉት የኮሶ ዛፎች መጡ። ወለተኢየሱስ በየእርምጃው ጥርሷን ታፋጫለች። ሽንቷ ጠብ ጠብ እያለ አልወርድ ብሏታል። ሠርከአዲስ ፊት ፊት እየሮጠች ያገኘችውን ሁሉ «የአኮ መኪያ ቤት?» እያለች ጠየቀች። ሴቶቹ ይጠቁሟታል፤ ከኋላ የሚመጣውን ጠመንጃ ሲያዩ ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው ቤት ይገባሉ።

ቀትር ላይ ደረሱ። አኮ መኪያ ደጃቸው ላይ ቀፎ የሚሆን ቀርከሃ እየሰነጠቁ ተቀምጠዋል። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ራሳቸውን በጥቁር ጨርቅ የሸፈኑ አሮጊት ናቸው። ከጎናቸው ሽማግሌ ወንድማቸው ቆሟል። ሠርከአዲስ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠች፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የንቡን ደህንነት እንደ ወጉ ጠየቀች። አሮጊቷ መለሱ፤ ዓይናቸው ግን ፈረሱ ላይ በበርኖስ በተጠቀለለችው ሴት ላይ ነበር።

«አስገቧት» አሉ። «ሰውየው ይቆይ።»

ውስጥ እሳቱ ዳር የላም ቆዳ ተነጠፈ። አኮ መኪያ ወዲያው መድኃኒት ያወጣሉ ብላ የጠበቀችው ሠርከአዲስ ተገረመች። አሮጊቷ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ታጠቡና ጥያቄ ጀመሩ።

«ስትሸና ያቃጥላታል?»

ሠርከአዲስ አስተረጎመች። «አያቃጥለኝም። አሁን ግን አልወርድ አለኝ።»

«ሌላ ጊዜ፣ ሕመሙ ሳይኖር?»

«ደህና ነው።»

«ሆዷ ይደርቃል? ዓይነ ምድሯ ላይ ደም አለ?» የለም። «ትኩሳት አላት? ሽታ ያለው ፈሳሽ?» የለም። አኮ መኪያ በያንዳንዱ መልስ አንድ ጣታቸውን ያጥፋሉ። «እዚህ ታች» አሉ የራሳቸውን ሆድ በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «የሽንት ፊኛው፣ አንጀቱ፣ ማህፀኑ ሁሉም ጎረቤት ናቸው። አንዱ ሲታመም ሁሉም ይጮሃል። ማን እንደ ጀመረ ማወቅ አለብኝ። አሁን ውጪና ባሏን ጠይቂው፤ ከዘመቻ ሲመለስ ሽንቱ አቃጥሎት ያውቃል? መግል ወጥቶት ያውቃል?»

ሠርከአዲስ ደነገጠች። «አኮ፣ እሱን እንዴት አድርጌ…? የጦር ሰው እኮ ነው!»

«የጦር ሰው ስለሆነ ነው የምጠይቀው። ያ በሽታ ከሰፈር ወደ ቤት ይገባል፤ ባልም ሚስትም ልጅ ያጣሉ፤ የሚወቀሰው ግን አንዷ ብቻ ናት። ሂጂ!»

ወጣች። ደምመላሽ ከወንድማቸው ፊት ለፊት፣ እሱ ስናድሩን፣ ሽማግሌው ጦሩን ይዘው ቆመዋል። ሠርከአዲስ መሬት መሬት እያየች ጥያቄውን ወረወረችው። ደምመላሽ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን አልሽ?! ይህን የምትጠይቅ አሮጊት…» አለና ከቤት ውስጥ የሚስቱን ማቃሰት ሰማ። ድምፁ ወረደ። «የለብኝም። በሚካኤል እምላለሁ። ጓደኞቼ ያዛቸው፤ እኔ ፈርቼ ከሰፈር ሴት ራቅሁ። ፈሪ ይሉኝ ነበር።»

ስትመለስ አኮ መኪያ ሌላ ጣት አጠፉ። አሁን አንድ ጣት ብቻ ቀርቷቸዋል።

«ሕመሙ ሲጀምራት ጨረቃ ምን ትመስላለች?»

ሠርከአዲስ ጥያቄው ሞኝነት መሰላት፤ ግን አስተረጎመች። ወለተኢየሱስ ከሕመሟ ቀና አለች።

«ቀጭን ናት። ልጄን ከቀበርኩት ወዲህ ማታ ማታ ደጅ መቀመጥ ልማዴ ነው። ሕመሙ ሲጀምረኝ ሁልጊዜ በምዕራብ በኩል ቀጭን ሆና ነው የማያት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አኮ መኪያ ጭናቸውን በእጃቸው መቱ። «ጂአ!» አሉ። በእሳቸው ቋንቋ ጨረቃም ወርም አንድ ስም ነው። ሠርከአዲስ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ጊዮርጊስ፣ ማርያም፣ ገብርኤል፣ ሚካኤል… ቅዱሳኑ አልነበሩም ተራ የያዙት! ጨረቃዋ ናት፣ ከወሩ ቀድማ ቀድማ የምትወርደው። ልክ እንደ ማንኛዋም ሴት የወር ቀን።

አሮጊቷ ሆዷን ዳሰሱ፤ ከእምብርቷ በታች እንደ ቅል የጠነከረ ነገር አለ። ከዚያ በቅቤ በታሸ ጣታቸው በቀስታ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሠርከአዲስን «ልንካሽ?» እያስባሉ መረመሯት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ድንገት ገለጡትና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ረጅም ነገር ተናገሩ። ሠርከአዲስ እየሰማች እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ብድግ ብላ እልል አለች።

«ምን አሉ? እትዬ ሠርኬ! ተርጉሚው እንጂ!»

«ደርቀሽ አይደለም! ሞልተሽ ነው! ወለቴ፣ አልደረቅሽም፤ ሞልተሽ ነው! ደምሽ በየወሩ ይመጣል፣ መውጫውን ነው ያጣው። ቁስሉ ሲድን መንገዱን እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ዘግቶታል። ከኋላው የስንት ወር ደም ተጠራቅሞ ፊኛሽንም ወገብሽንም ይገፋል። በጣቴ ነካሁት አሉ፣ እንደ ከበሮ ተወጥሯል አሉ!»

ወለተኢየሱስ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ያዛት። «ሁለት ዓመት ሙሉ!» ትላለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማህፀኔ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል!»

አኮ መኪያ ግን ሳቃቸውን ሰብስበዋል። «ምጥ ብቻውን እንዲህ አይዘጋም» አሉ። «ከወለደች በኋላ ውስጧ የተደረገ ነገር አለ?»

ወለተኢየሱስ በዝግታ መለሰች። «አማቴ መድኃኒት አድርገውልኝ ነበር። የአሞሌ ጨው ከመራራ ሥር ጋር ተወቅጦ በጨርቅ። ማህፀን ያጠራል ብለው። ሰባት ቀን። እሳት ነበር።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጨው ሥጋ ያቃጥላል። የተቃጠለ ሥጋ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከሩቅ ቆላ የመጡ ሴቶች ላይ አይቻለሁ።» ከዚያ ምላጫቸውን ከግድግዳ አወረዱ። «መክፈት አለብኝ። ዛሬ። መጀመሪያ ግን ባልየውን አነጋግሩልኝ።»

ደጅ ወጡ። ሠርከአዲስ በመካከል ቆመች። አኮ መኪያ የሚናገሩትን ቃል በቃል አስተላለፈች፤ አንዱንም ለማለስለስ አልደፈረችም።

«የመጀመሪያ ልጄን የበላው የእናንተ ጠመንጃ ነው፤ እዚያ ከወንዙ ማዶ። ሚስትህ የገደለችብኝ የለም፤ እሷን እረዳለሁ። ግን ያ ብረት ደጄ ላይ ቆሞ እያለ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሚንቀጠቀጥ እጅ ምላጭ አልይዝም።»

ደምመላሽ ሽማግሌውን፣ ጦሩን፣ ጫካውን አየ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከጎባ አጥር ውጭ ጠመንጃውን አንድ ቀን አልተለየውም። ከቤቱ ውስጥ ወለተኢየሱስ በስሙ ጠራችው።

ስናድሩን ከትከሻው አወረደ። ጎራዴውንም ፈታ። ተሸክሞ ወስዶ ሩቅ ካለው የኮሶ ዛፍ ላይ ሰቀላቸው፤ ባዶ እጁን መጥቶ ከሽማግሌው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ ጦሩን ሣሩ ላይ አጋደመና እሱም ተቀመጠ።

ውስጥ ምላጩ እሳት ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ በፈላ ውሃ ታጠበ፤ ጫፉ ማር ተቀባ። ሠርከአዲስ የወለተኢየሱስን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ያዘች። «ቢስሚላህ» አሉ አሮጊቷ። «በስመ አብ» አለች ወለተኢየሱስ። ጩኸቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አጭር።

ከዚያ ደሙ መጣ። ጥቁር ነው፤ እንደ ጫካ ማር የወፈረ። ገበቴው ሞልቶ ተደፋና እንደገና ተቀመጠ። እየወረደ ሲሄድ የወለተኢየሱስ ሆድ ሲላላ፣ ትከሻዋ ሲረግብ፣ ግንባሯ ሲፈታ ሠርከአዲስ በዓይኗ አየች። ቀጥሎ ሽንቷ መጣ፤ ለብዙ ጊዜ ወረደ፤ ሦስቱም ሴቶች እንደ ሕፃናት ሳቁ።

«የለም» አለች ወለተኢየሱስ በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ሕመሙ የለም። ፈልጊው፣ የለም።»

ደሙ ሲቀንስ አኮ መኪያ ማር የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አደረጉላት። በየቀኑ በፈላ ውሃ ታጥባ በቅቤና በማር የታሸ አዲስ ጨርቅ ማድረግ እንዳለባት፣ ካልሆነ ቁስሉ ተመልሶ እንደሚዘጋ ነገሯት። ሁለት ጨረቃ እስክትወጣ ባሏ እንዳይቀርባት። ትኩሳት ከያዛት ቀን ሳትቆጥር ተመልሳ እንድትመጣ።

ወለተኢየሱስ የመጣችበትን ጥያቄ ያኔ ጠየቀች። «እወልዳለሁ?»

አሮጊቷ እጃቸውን እየታጠቡ አሰቡበት።

«ይህን የሚያውቀው አላህ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አራት ሴት ከፍቻለሁ። ሁለቱ ወለዱ፤ አንዷ አልወለደችም፤ አንዷ የት እንደ ደረሰች አላውቅም። ደሙ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል፤ ያን እኔ በእጄ ደርሼ አላየውም። ማህፀንሽ ግን ሕያው ነው። ደረቀ የሚልሽ ሰው ሐሰት ነው የሚናገር። የሚያም ሆድ ሁሉ መካን አይደለም፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነበር።

ስድስት ቀን እዚያ ሰነበቱ። ደምመላሽ ከሽማግሌው ጋር ቀፎ ሰቀለ፤ ቃል ሳይግባቡ በእጅ ይነጋገሩ ነበር። ጥምቀትም ሚካኤልም በጫካው ውስጥ አለፉ። ሲሰናበቱ ደምመላሽ ሚስቱን «ምንድን ነው የዘጋው አሉ?» ብሎ ጠየቃት። ወለተኢየሱስ «የምጡ ቁስል ነው» አለችና ፈረሱ ላይ ወጣች።

ጎባ ሲገቡ የነጋዴው ጓዝ ሄዷል። እመት አሰገደች መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ፊታቸውን ሳይመልሱ «ጨርሳችሁ መጣችሁ?» አሉ። ወለተኢየሱስ ባሏን በዓይኗ አስወጣችው። ከሠርከአዲስ በቀር ማንም በሌለበት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ደሙን፣ ቆዳውን፣ ጨውን።

«እኔ ነኝ የዘጋሁሽ ትይኛለሽ?» ብለው እንዝርቱን ጣሉት። «እናቴ ያደረገችልኝን መድኃኒት! ሰባት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ያጠብኩሽ!»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለልጅዎ አልነገርኩትም። ለእርስዎ ግን መንገር አለብኝ፤ ነገ ሌላዋን ሲያክሙ…»

እመት አሰገደች ሊቆጡ ተነሡ። ተነሥተውም ቆሙ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ተመለከቱ።

«ከደምመላሽ በኋላ» አሉ፣ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «እኔም ከደምመላሽ በኋላ ደም አላየሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በየወሩ ግድግዳ እየነከስኩ እተኛ ነበር። ባሌ ሌላ አግብቶ አምስት ወለደ። የሷን ልጆች ያጠብኩ እኔ ነኝ። እስከ አርባ ስንት ዓመቴ… ቆይቶ ራሱ ተወኝ።» ወደ ሠርከአዲስ ቀና አሉ። «ያቺ ሴትዮ፣ የኔንም ታውቀው ነበር? ያኔ ብሄድ?»

ወለተኢየሱስ ተነሥታ አማቷን አቀፈቻቸው፤ እመት አሰገደች በምራታቸው ትከሻ ላይ ጮኸው አለቀሱ፤ ደምመላሽ ሰው የሞተ መስሎት በር ከፍቶ ገባ። ያኔ ራሳቸው ነገሩት።

በማግስቱ እመት አሰገደች ጥቁር ካባቸውን ደርበው ወደ አለቃው ግቢ ሄዱ። አለቃው የእህታቸውን ልጅ ለሌላ እንዲድሯት፣ ደምመላሽ ግን ሚስት እንዳለው ነግረው ተመለሱ። አለቃው ተቀየሙ፤ ደምመላሽም ለሁለት ዓመት ሹመት ሳያገኝ ቀረ። በየካቲት ቀጭኗ ጨረቃ በምዕራብ ስትታይ የወለተኢየሱስ ደም በራሱ ጊዜ፣ በራሱ መንገድ፣ ያለ ጩኸት መጣ። በጓሮ በኩል ሠርከአዲስን ጠርታ ስትነግራት ሁለቱም ዘለሉ።

በተከታዩ ዓመት፣ የዝናቡ ወራት አልፎ ሰነቴ ሲደርቅ፣ ከጦሩ ሰፈር በር አራት በቅሎዎች ተደርድረው ወጡ። ሦስቱ ላይ ሦስት የጭፍራ ሚስቶች ተቀምጠዋል። አንዷ በየወሩ የምትታመም ናት፣ አንዷ ሽንቷ የሚያቃጥላት፣ አንዷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስወረዳት። ሠርከአዲስ በእግሯ ትመራለች። ፊት የምትሄደው በቅሎ ላይ እመት አሰገደች ናቸው። ወለተኢየሱስ አጥሩ ጋ ቆማ በእጇ ትሸኛቸዋለች፤ አምስተኛ ወሯን ይዛለችና ሰነቴን እንድትወጣ አማቷ አልፈቀዱላትም።

የበሩ ዘበኛ ጋሻውን አንሥቶ መንገዱን ዘጋ። «እሜቴ፣ ይህን ሁሉ ሴት ይዘው ወዴት ነው?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እመት አሰገደች ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ከእምብርት በታች የሚያመንን ልናሳይ! ሌላ የምትጠይቀው አለ?»

ዘበኛው ፊቱ ቀልቶ ጋሻውን አወረደ። በቅሎዎቹ እየተንደረደሩ አለፉ።